የክሪስቶፈር ስትሬቺ አጭር የሕይወት ታሪክ

የሕክምና ተማሪ ስለ ኮምፒውተር ሊቅ ምን አገባው የምትሉ አትጠፉም። የዚህን ሰው ታሪክ የመረጥኩት በፈተና ውጤት ተስፋ የቆረጠ ተማሪ በመካከላችን ስለማይታጣ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ክሪስቶፈር ስትሬቺ በ1916 በለንደን ከታወቀ የምሁራን ቤተሰብ ተወለደ። በ1935 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በሦስተኛው ዓመት ግን የመንፈስ መታወክ ደረሰበት፤ በ1939 የተመረቀውም በዝቅተኛ ማዕረግ ስለነበረ የምርምር ተስፋው ተዘጋ። በኢንዱስትሪ ሠራ፤ ከ1949 ጀምሮም በሀሮ ትምህርት ቤት አስተማረ። በትርፍ ጊዜው የጻፈው ዳማ የሚጫወት ፕሮግራም በ1952 በማንችስተር ኮምፒውተር ላይ ሠራለት። በ1965 በኦክስፎርድ የፕሮግራም አጻጻፍ ምርምር ክፍልን ይመራ ጀመር።

በ1967 በኮፐንሀገን ባስተማረው ትምህርት አንድ ትልቅ ልዩነት አብራራ። የመደመር ምልክት አንድ ቢሆንም፣ ኮምፒውተሩ ሙሉ ቁጥርንና ክፍልፋይን የሚደምረው በተለያየ መንገድ ነው። ዝርዝርን የመቁጠር ሥራ ግን የተዘረዘረው ቁጥርም ሆነ ስም አይለወጥም፤ ስለዚህ የዓይነቱን ቦታ ክፍት ትቶ አንድ ጊዜ መጻፍ ይበቃል።

ነገሩን በላቦራቶሪ ብልቃጥ ልመስለው። ብልቃጡን የሠራው ፋብሪካ ደም ይግባበት ሽንት አያውቅም፤ መለያው የሚጻፈው ናሙናው ሲወሰድ ነው። ጃቫ በ2004፣ ሲ ሻርፕ በ2005 ይህንኑ ሐሳብ ተቀበሉ፤ ክፍት የተተወው ዓይነት የሚወሰነው ኦብጀክቱ ሲገነባ ነው። ዋጋ ሳይሰጠው ቢገነባስ? በሲ ሻርፕ ዓይነቱ ቁጥር ከሆነ መነሻው ዜሮ ነው። ጃቫ ግን ፕሮግራሙ ሲተረጎም የዓይነቱን ስም ስለሚፍቀው መነሻው ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ በዚያ ባልታወቀ ዓይነት አዲስ ነገር በራሱ መፍጠርም አይችልም፣ ከውጭ ሊቀርብለት ይገባል።

ስትሬቺ ፍጹም ያልመሰለውን ጽሑፍ ማሳተም አይወድም ነበር። በ1975 በ58 ዓመቱ በጉበት ብግነት ሲሞት የኮፐንሀገኑ ማስታወሻ ገና አልታተመም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ ለኅትመት የበቃው በ2000 ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ዝቅተኛ ማዕረግ የዚህን ሰው መንገድ አላስቀረውም፤ ሥራው ግን ለ33 ዓመታት ሳይታተም ቆየ። በመሳቢያችን የተኛ ጽሑፍ ካለ እናውጣው።