ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፤ ስለ ዕቃና ስለ አገልግሎት

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ወደነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም ባሕር ተሻግረው በአውሮፓ አደጉ፤ የጀርመንን ቋንቋ አጥንተው በበርሊን ሕክምና ተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገሉ፤ ኋላም በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ሆኑ።

ድሬዳዋ የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. የገባባት ከተማ ናት። ቡናና ቆዳ በእርሷ በኩል ይወጣል፤ ጨርቅና የብረት ዕቃ ይገባ ነበር። ቡናው ይመዘናል፤ ይከማቻል፤ ቀረጥ ይከፈልበታል፤ ስለዚህ ዕቃ ይባላል። ባቡሩ ስለ ማጓጓዙ የሚቀበለው ገንዘብ ግን የአገልግሎት ዋጋ ነው። ማጓጓዝ በተፈጸመበት ሰዓት ያልቃልና በጎተራ አይቀመጥም።

እኛም ይህን ልዩነት በቦረና ምድር እናየዋለን። ወደ መካነ ሰላም ገበያ የሚወጣው ጤፍ፣ ገብስና በግ ዕቃ ነው። እናቶቻችን የፈተሉትን ለሸማኔ ሰጥተው ጋቢ ሲያሠሩ ግን ፈትሉ የራሳቸው ስለሆነ የሚከፍሉት የእጁን ሥራ ዋጋ ነው። ያው ሸማኔ በራሱ ፈትል ሠርቶ ገበያ ቢያወጣ ዕቃ ሻጭ ይሆናል። ባለ ወፍጮም እንዲሁ ዱቄት አይሸጥልንም፤ እህላችንን ይፈጭልናል እንጂ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፋቸው የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን፣ ሥራንም ፍሬያማ የሚያደርገው ዕውቀት መሆኑን አስረድተዋል። ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ብዙ ቀን የደከመበትን ምርት፣ የተማረው ሕዝብ በጥቂት ቀን ከሠራው ዕቃ ጋር እየለወጠ እንደሚደኸይ አሳዩ።

እንግዲህ የሚጨበጥ ነገር አላመረተም ብሎ መምህሩን ወይም ሐኪሙን ሥራ ፈት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። የመምህር ድካም በበቅሎ አይጫንም፤ ነገር ግን በገበሬው ማሳና በአንጥረኛው እጅ ላይ ፍሬው ይታያል። እንዲሁም ተምረናል ብለን ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ብንንቅ፣ የምንለብሰውንና የምንበላበትን መናቃችን ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ ዐረፉ። መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ዕድሜያቸው አጭር ቢሆንም ለአገር የዋለ አገልግሎት ከባለቤቱ በኋላ እንደሚኖር አሳይተውናል። እኛ ተማሪዎችም እርሻ ብንይዝ ወይም ቢሮ ብንገባ፣ ሥራችንን በዕውቀት እንድንሠራ ከሕይወታቸው እንማር።