የእስክንድርያው መምህር ዲዲሞስ

ዲዲሞስ በ313 ዓ.ም. ገደማ በእስክንድርያ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ ፊደል ከመቁጠሩ አስቀድሞ፣ የዓይኑን ብርሃን አጣ። በዚያ ዘመን ለዓይነ ስውር ልጅ የተዘጋጀ ትምህርት ቤት አልነበረም። ሆኖም የትምህርት ፍቅር ስላደረበት፣ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ መልካቸውን ለየ። ከዚያም ሌሎች ሲያነቡለት በጆሮው እየተቀበለ በቃሉ ይይዝ ጀመር። ሌሊት አንባቢዎቹ ደክሟቸው ሲተኙ እርሱ ግን የሰማውን በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ያድር ነበር።

በዚህ ዓይነት ሰዋስውን፣ የንግግር ጥበብን፣ የሒሳብንና የከዋክብትን ትምህርት ተማረ፤ ለማየት የግድ ዓይን ያሻዋል የሚባለውን ጂኦሜትሪን እንኳ ጠንቅቆ ዐወቀ። ከሁሉ በላይ ግን ቅዱሳት መጻሕፍትን አጠና። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስም ይህንን ተመልክቶ በከተማይቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መምህር አድርጎ ሾመው።

አባ እንጦንስ ከበረሃ ወደ እስክንድርያ በመጣ ጊዜ ዲዲሞስን አገኘው። በዕውቀቱ ከተደነቀ በኋላ፣ ዓይኑን በማጣቱ ያዝን እንደሆነ ጠየቀው። ዲዲሞስ ከሐፍረት የተነሣ ዝም አለ፤ ጥያቄው በተደጋገመ ጊዜ ግን ኀዘኑን ሳይሸሽግ ተናገረ። አባ እንጦንስም ዝንብና ትንኝ እንኳ ባላቸው ነገር ማዘን እንደማይገባው፣ ይልቁንም መላእክት በሚያዩበት ዓይን የሚያይ በመሆኑ ደስ ሊለው እንደሚገባ ነግሮ አጽናናው። የዲዲሞስ እምነት ጽኑ ነበር፤ ነገር ግን ኀዘን የማያውቀው ሰው አልነበረም።

ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ሩፊኖስ ነበር፤ በሁለት ጊዜ ተመላልሶ በድምሩ ስምንት ዓመት ከእርሱ ተምሯል። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ፍሬምናጦስ ወደ አክሱም እንዴት እንደ መጣና ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና እንደ ተቀበለ በታሪክ መጽሐፉ ያቆየልን ይኸው ሩፊኖስ ነው። ጀሮም የተባለው ሊቅም በ386 ዓ.ም. መጥቶ አንድ ወር ያህል ተቀምጦ ያልተረዳውን ጠየቀው፤ ስለ መንፈስ ቅዱስ የጻፈውንም መጽሐፍ ወደ ላቲን ተረጐመ። የግሪክኛው ጽሑፍ በመጥፋቱ ይህ መጽሐፍ ዛሬ የሚገኘው በዚሁ ትርጉም ነው።

ዲዲሞስ በ398 ዓ.ም. ገደማ ዐረፈ። በሕይወቱ ስለ ሥላሴ የአርዮስን ትምህርት ሲቃወም የኖረ መምህር ቢሆንም፣ የቀድሞውን የእስክንድርያ መምህር የአርጌንስን አንዳንድ አሳብ በመከተሉ ከሞቱ በኋላ ስሙ ወደ ክርክር ገባ። አስቀድሞ በደቀ መዝሙርነቱ ይመካ የነበረው ጀሮም እንኳ ከእርሱ ራቀ። ከ553ቱ የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ጋር በተያያዘም ከአርጌንስ ጋር ተወገዘ። የተወገዘ ሰው መጽሐፍ የሚገለብጥለት ስለሌለ፣ ከብዙ ድርሳናቱ አብዛኞቹ ጠፉ።

ሆኖም ነገሩ በዚህ አልተፈጸመም። በ1941 ዓ.ም. ከካይሮ በስተ ደቡብ በምትገኘው ቱራ፣ ጥንት ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ ዋሻ ለጥይት ማከማቻ ሲጸዳ፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ የፓፒረስ ገጾች ተገኙ። ከእነዚህም ውስጥ ዲዲሞስ በዘፍጥረት፣ በኢዮብ፣ በመዝሙረ ዳዊት፣ በመጽሐፈ መክብብና በትንቢተ ዘካርያስ ላይ የሰጣቸው ትርጓሜዎች ነበሩባቸው። የመዝሙሩና የመክብቡ ትርጓሜ ጸሐፊ በጉባኤው መካከል ሆኖ የመዘገበው ነው። በዚያም መምህሩ ሲያስተምር ተማሪዎቹ አሳቡን አቋርጠው ይጠይቁታል፤ እርሱም መልሶ ወደ ጀመረው ንባብ ይገባል። ከጥንት ዘመን ጉባኤ እንዲህ እንደ ተነገረ የደረሰን ጥቂት ነው።

በሕይወቱ ሳለ ሌሎች ያነቡለት፣ ሌሎችም ይጽፉለት ነበር። ይህ ጕድለቱ ለኋለኛው ዘመን በረከት ሆነ፤ ጸሐፊው ከመምህሩ ቃል ጋር የተማሪዎቹንም ጥያቄ መዝግቧልና። መጻሕፍቱ በጠፉበት ዘመን ሁሉ የእስክንድርያው ጉባኤ ከነጥያቄውና ከነመልሱ በቱራ ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።