አንቶን ማካሬንኮና የወጣት ጥፋተኞች መንደር

በሕግ ፊት ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘ ወጣት ከኅብረተሰቡ ተነጥሎ ሊቀጣ ይገባዋል ወይስ በኅብረተሰቡ መካከል ኖሮ የበደለውን ሊክስ? ይህን ጥያቄ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን በሥራ ለመመለስ ከተነሡት ሰዎች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚጠራው አንቶን ሴሚዮኖቪች ማካሬንኮ ነው።

ማካሬንኮ በ1888 እ.ኤ.አ. በዩክሬይን ቤሎፖልዬ በተባለች ከተማ፣ በባቡር ሐዲድ ወርክሾፕ ቀለም ቀቢ ከነበረ አባት ተወለደ። ከ1905 ጀምሮ ለባቡር ሠራተኞች ልጆች በተከፈተ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ቆይቶ፣ በ1917 ከፖልታቫ የመምህራን ኢንስቲትዩት በወርቅ ሜዳልያ ተመረቀ።

የአንደኛው የዓለም ጦርነትና እርሱን የተከተለው የእርስ በርስ ጦርነት እጅግ ብዙ ሕፃናትን ያለ ወላጅና ያለ መጠለያ አስቀርተው ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ በሌብነትና በዝርፊያ ይተዳደሩ ጀመር። በ1920 ማካሬንኮ በፖልታቫ አቅራቢያ የሚቋቋመውንና በኋላ በደራሲው ማክሲም ጎርኪ ስም የተሰየመውን የጠባይ ማረሚያ መንደር እንዲመራ ተሾመ። የተረከበው ግን የፈራረሱ ቤቶችን ብቻ ነበር። መጀመሪያ የመጡት ስድስት ልጆች ትእዛዝ አንቀበልም፣ እንጨትም አንፈልጥም ባሉ ጊዜ ማካሬንኮ ትዕግሥቱ አልቆ አንደኛውን በጥፊ መታው። ይህንንም የመንደሩን ታሪክ በጻፈበት፣ «የሥነ ትምህርት ግጥም» በተሰኘው መጽሐፉ ውስጥ አልደበቀውም፤ የማረሚያ ዘዴ ነው ብሎም አልተከራከረለትም። ዘዴውን ያገኘው ከዱላ ሳይሆን ከሌላ ቦታ ነበር።

በመጽሐፉ እንደተረከው፣ በመንደሩ የቤት አስተዳዳሪ የነበሩት አሮጊት ያጠራቀሙት ገንዘብ በተሰረቀ ጊዜ፣ ሌባውን ያገኙትም የዳኙትም ጓደኞቹ ነበሩ። ልጁ በሁሉም ፊት ቆሞ ተጠየቀ፤ አፈረ፤ ዳግመኛ ላይሰርቅ ቃል ገባ። ወደ ወኅኒ ግን አልተላከም። ቃሉን እንዲጠብቅ የተደረገው ከበደላቸው ሰዎች ጋር እየኖረ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያው እምነት ነበር። ማካሬንኮ አዲስ የመጡ ልጆችን የወንጀል መዝገብ ከማንበብ ተቆጠበ። በዝርፊያ ተይዞ የነበረውን ሴሚዮን ካላባሊንን፣ በመጽሐፉ ካራባኖቭ ያለውን ወጣት፣ ፈረስ ሰጥቶ የመንደሩን ገንዘብ ከከተማ እንዲያመጣ ላከው። ወጣቱ ይዞ ሲመለስ ማካሬንኮ ሳይቆጥር ተቀበለው፤ በሌላ ጊዜም ከፊተኛው የበለጠ ገንዘብ እንዲያመጣ ላከው። ካላባሊን ኋላ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ኃላፊ ሆኖ የመምህሩን ሥራ ቀጥሏል።

በአካባቢው ገበሬዎች ዘንድ በሌብነታቸው ይፈሩ የነበሩት ልጆች የመንግሥትን ደን ከጨፍጫፊዎች መጠበቅ ጀመሩ፤ በቀጥቃጭ ቤታቸውም ለገበሬዎቹ የእርሻ መሣሪያ ይጠግኑ ነበር። በዚህ መንገድ ጥፋተኛው ከበደለው ሕዝብ ጋር በሥራ ታረቀ። መንደሩ በቡድን ተከፋፍሎ በቡድን መሪዎች ጉባኤ ይመራ ነበር፤ ለአጭር ጊዜ ሥራ በሚቋቋሙት ቡድኖች ደግሞ ዛሬ አዛዥ የሆነው ነገ ታዛዥ ይሆን ስለነበር፣ እያንዳንዱ ማዘዝንም መታዘዝንም ይማር ነበር።

በ1927 በካርኮቭ አጠገብ በድዘርዢንስኪ ስም ሌላ መንደር ተቋቋመና ማካሬንኮ ኃላፊነቱን ተቀበለ። በዚያ የነበሩት ወጣቶች በቀን አራት ሰዓት በፋብሪካ ሠርተው አምስት ሰዓት ይማሩ ነበር። ከ1932 ጀምሮ ቀደም ሲል ከውጭ አገር ይገባ የነበረውን የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ፣ ቀጥሎም በጀርመኑ ላይካ አምሳል የተሠራውን «ፌድ» የተባለ ካሜራ አመረቱ። የሚሊሜትር መቶኛ ስሕተት እንኳ የሚያበላሸውን ዕቃ በትናንት የጎዳና ልጆች እጅ መሥራት መቻሉ፣ ኃላፊነት የሰውን ጠባይ ምን ያህል እንደሚለውጥ አሳየ።

ሥራው ግን ከነቀፋ ነጻ አልነበረም። የትምህርት ባለሥልጣኖች ሥርዐቱ ወታደራዊ ነው ሲሉ ስለ ተቃወሙት በ1928 የጎርኪን መንደር ለመልቀቅ ተገደደ። ሁለተኛው መንደር የተቋቋመው በጸጥታው መሥሪያ ቤት መሆኑና የብዙኃኑ ድምፅ በአንድ ልጅ ላይ ሊከብድ መቻሉም ዛሬ ስለ እርሱ ሲጻፍ ሊዘለሉ የማይገባቸው ጉዳዮች ናቸው። የሽምግልና ዳኝነት በኅብረተሰብ እጅ ሲገባ፣ ደካማውን የሚጠብቅ ሕግ ከጎኑ ሊቆም ይገባል።

ማካሬንኮ በ1935 ወደ ኪየቭ፣ በ1937 ወደ ሞስኮ ተዛወረ። ሚያዝያ 1 ቀን 1939 እ.ኤ.አ. በሞስኮ አቅራቢያ በጎሊትሲኖ ጣቢያ፣ በባቡር ውስጥ ሳለ በልብ ሕመም በ51 ዓመቱ ዐረፈ። ትቶት ያለፈው ትምህርት፣ ወጣት ጥፋተኛን ለማረም ከመዝገቡ ይልቅ ነገ ሊሠራ የሚችለውን ማየት፣ ከዚያም የሚያምነውና ተጠያቂ የሚያደርገው ማኅበር በዙሪያው ማቆም ያስፈልጋል የሚል ነው።