አባ ጳኩሚስ፥ የማኅበር ኑሮ ሥርዓት መሥራች

ብቻውን በበረሃ ተቀምጦ የሚጾምና የሚጸልይ ሰው ፈተናው ብዙ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ጠባያቸው የማይመሳሰል መቶ ሰዎችን በአንድ ማእድ አቀማምጦ፥ በየሙያቸው አሰማርቶ፥ ዓመት ከዓመት ሳይበተኑ ማኖር ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈተና ነው። ይህን ሞክሮ ሥርዓት አድርጎ ያቆመው በ4ኛው መቶ ዓመት በላይኛው ግብጽ የኖረው አባ ጳኩሚስ ነው። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጳኩሚስ በ292 ዓ.ም. ገደማ ከአረማውያን ወላጆች ተወለደ። ዕድሜው 20 ዓመት ሲሆን ለሮማ መንግሥት ወታደርነት በግድ ተመልምሎ ከጓደኞቹ ጋር በናይል ወንዝ በመርከብ ተወሰደ። በቴብስ ከተማ ምልምሎቹ እንዳያመልጡ ተዘግቶባቸው ሳሉ የከተማው ሰዎች ማታ እንጀራ ይዘው መጥተው መገቧቸው። እነዚህ ሰዎች ዘመድም ወዳጅም አልነበሩም። ጳኩሚስ እነማን እንደ ሆኑ ቢጠይቅ ክርስቲያኖች መሆናቸው ተነገረው። ከዚህ እስራት ቢወጣ ዕድሜውን ሁሉ ሰውን በማገልገል እንደሚፈጽም በዚያች ሌሊት ተሳለ። ጦርነቱም ቶሎ አልቆ ስለ ተሰናበተ ሸኔሴት ወደምትባል መንደር ሄዶ ተጠመቀ፤ ከዚያም ጰላሞን በሚባል ባሕታዊ እግር ሥር ሆኖ ምንኩስናን ተማረ።

በ320 ዓ.ም. አካባቢ ጣቤኔሲ በምትባል ሰው በለቀቃት መንደር የራሱን ማኅበር ጀመረ። መጀመሪያ የተከተለው ታላቅ ወንድሙ ዮሐንስ ነው። ነገር ግን በሐሳብ አልተስማሙም። ጳኩሚስ ገና ለሚመጡት ብዙዎች ብሎ ቅጥሩን ሲያሰፋ ዮሐንስ ጥቂት ሆነን በጸጥታ እንኑር ባይ ነበረና ተናገረው። ጳኩሚስ በልቡ ተቆጣ፤ ስለ ቁጣውም ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሰዎች የበለጠ ፈተኑት። ጳኩሚስ በምሳሌነት አስተምራቸዋለሁ ብሎ ምግባቸውን እያዘጋጀ፥ ሸክሙን እየተሸከመ፥ የታመመውን እያስታመመ ብቻውን ያገለግላቸው ጀመር። እነርሱ ግን ትሕትናውን እንደ ባርነት ቈጥረው ናቁት፤ አዘዙት፤ ተሳለቁበት። ለጥቂት ዓመታት ታገሠ። በመጨረሻ አብሮ የመብላትና አብሮ የመጸለይ ደንብ ቢያወጣላቸው እንቢ ስላሉ አስወጣቸው። አለቃ አገልጋይ መሆን አለበት ማለት መልካም ነው፤ ደንብ የሌለው አገልግሎት ግን ሰነፎችን ከማበርከት በቀር ፍሬ እንደማይሰጥ የተማረው በዚህ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ለቀጣዮቹ አስቀድሞ ደንብ ሠራ። ገዳሙ በቤቶች ተከፈለ። በአንድ ቤት እስከ 40 የሚደርሱ መነኮሳት ይኖራሉ፤ ለእያንዳንዱም ቤት አለቃና ምክትል ተሾመ። ምንጣፍ ሠሪው ከምንጣፍ ሠሪ፥ ልብስ ሰፊው ከልብስ ሰፊ ጋር ይኖር ነበር። ማንበብ የማያውቅ ቢገባ፥ ባይወድም እንኳ ፊደል እንዲማርና መዝሙረ ዳዊትንና ሐዲስ ኪዳንን በቃሉ እንዲይዝ ግዴታ ነበረበት። መነኮሳቱ ክህነትን እንዳይመኙ ከለከለ፤ ሹመት ቅናትንና ጠብን ይወልዳል ብሎ ይፈራ ነበርና። እርሱም ራሱ ሊቀ ጳጳሱ አትናቴዎስ አገሩን ሊጐበኝ በመጣ ጊዜ ቅስና እንዳይሾመው በመነኮሳቱ መካከል ተሸሸገ።

ገዳማቱ እየበዙ ሲሄዱ መቀመጫውን ወደ ፐቦው አዛወረ። በዚያ ዋና መጋቢ ነበረ፤ የየገዳሙም መጋቢዎች የገቢና የወጪ ሒሳባቸውን በየዓመቱ በነሐሴ ወር በሚደረገው ጉባኤ ለእርሱ ያቀርቡ ነበር። ሁለተኛው ጉባኤ በፋሲካ ነው። እኅቱ ማርያም ስትመጣም ለሴቶች ገዳም ተሠራላት።

አንድ ቀን ጳኩሚስ ምንጣፍ ሲሠራ በተራው የሚያገለግል አንድ ልጅ አየውና አባ ቴዎድሮስ ያስተማረን እንዲህ አይደለም ብሎ አረመው። የማኅበሩ ሁሉ አባት ተነሥቶ ከልጁ አዲሱን አሠራር ተማረ፤ ተመልሶም ተቀምጦ እንደ ታዘዘው ሠራ።

ለቴዎድሮስ ግን እንዲህ ለስላሳ አልነበረም። በልጅነቱ መጥቶ ያደገ፥ ከሁሉ የሚወደው ደቀ መዝሙሩ ነበር። ጳኩሚስ በጠና ታሞ ሳለ ሽማግሌዎቹ ማኅበሩ ያለ እረኛ እንዳይቀር ፈርተው ቴዎድሮስን ቢለምኑት፥ ከብዙ እንቢታ በኋላ እሺ አለ። ጳኩሚስ ድኖ ይህን ሲሰማ ከሹመቱ ሽሮ ንስሐ ሰጠው። ቅጣቱ ከጥፋቱ የበለጠ ይመስለናል። ቴዎድሮስ ግን ሳያጉረመርም ተቀበለ።

በ346 ዓ.ም. ወረርሽኝ በገዳማቱ ገባና ብዙ መነኮሳት ሞቱ፤ ጳኩሚስም ግንቦት 14 ቀን ዐረፈ። በዚያን ጊዜ 9 የወንዶችና 2 የሴቶች ገዳማት ነበሩ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ዕለት ይታሰባል፤ በስሙ የሚጠራው ሥርዓትም ወደ ግእዝ ተተርጉሞ ገዳሞቻችን ውስጥ ተነብቧል።

ተተኪ አድርጎ የመረጠው ቴዎድሮስን ሳይሆን ጴጥሮንዮስን ነው። እርሱም ታሞ ነበርና ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ በቦታው ሖርሲሲ ተተካ። ሖርሲሲ ደግ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ገዳማቱ መሬትና መርከብ አብዝተው ስለ ነበር የሀብት ክርክር ተነሣ። አጶሎንዮስ የተባለው የአንዱ ገዳም አለቃ ከማኅበሩ እለያለሁ እስከ ማለት ደረሰ። በ350 ዓ.ም. ገደማ ሖርሲሲ እንደማይችል ዐውቆ፥ ያን በቅጣት ዝቅ ብሎ የኖረውን ቴዎድሮስን በቦታው አስቀምጦ እርሱ ገለል አለ። ቴዎድሮስ የተለዩትን አስታረቀ። ሖርሲሲንም እንደ አለቃው እየቈጠረ ሳያማክረው ነገር አይቈርጥም ነበር። ቴዎድሮስ በ368 ዓ.ም. ሲሞት መነኮሳቱ ወደ ሖርሲሲ ሄዱ፤ እርሱም አርጅቶ ሳለ ሁለተኛ ጊዜ ማኅበሩን ተረከበ።