ጄኔራል ዊንጌትና የበላያ መንገድ

ከመተማ እስከ ቋራ ያለውን ቆላ የሚያውቅ ሰው፥ በዚያ አገር ቀጥ ብሎ መሄድ እንዴት አስቸጋሪ እንደ ሆነ ያውቃል። ክረምት ሲወጣ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ የግራሩና የዕጣኑ ዛፍ መልኩ አንድ ዓይነት ነው፤ ሩቅ ማየትም አይቻልም። ምልክት ያልያዘ መንገደኛ ወደ ፊት የገሠገሠ እየመሰለው ዞሮ ከተነሣበት ይገኛል። ይህን መሰሉን ዱር በኮምፓስ በቀጥታ ለመቁረጥ ከደፈሩት ሰዎች አንዱ ጄኔራል ኦርድ ዊንጌት ነበሩ።

ዊንጌት ከብሪታንያውያን ወላጆች በ1895 ዓ.ም. በህንድ አገር ተወለዱ። በ1920 ዓ.ም. ወደ ሱዳን መከላከያ ጦር ተዛውረው፥ ከመተማ ማዶ ባለችው በገላባትና በሮሰይረስ ወሰን የባሪያ ነጋዴዎችንና የዝሆን አዳኞችን ይከታተሉ ነበር። በ1925 ዓ.ም. ደግሞ ዘርዙራ የምትባለውን፥ በአፈ ታሪክ የታወቀችውን ለምለም ስፍራ ፍለጋ ወደ ሊቢያ በረሃ ዘመቱ። ስፍራይቱን ባያገኟትም በጥምና በሐሩር መካከል አቅጣጫ ሳይለቁ መጓዝን ተለማመዱ።

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የብሪታንያ ጦር ገላባትን ቢይዝም መተማን ከጣሊያኖች ማስለቀቅ አልቻለም። የመተማ በር እንደ ተዘጋ ሳለ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚያ በስተደቡብ ኦሜድላ ላይ ጥር 12 ቀን ድንበሩን ተሻገሩ። ዊንጌትም በኮምፓስ እየተመሩ በቀጥታ ወደ በላያ ተራራ ለመሄድ ቈረጡ።

በዱር ውስጥ ቀጥ ብሎ የመሄድ ዘዴ ለማንም አይከብድም። ኮምፓሱ ባመለከተው አቅጣጫ አንድ ዛፍ ይመረጣል፤ እዚያ ሲደረስ ሌላ ይመረጣል፤ ያለፉት ምልክቶች በአንድ መሥመር መዋላቸው ወደ ኋላ ዞሮ በማየት ይረጋገጣል። ገደል ቢያጋጥም ወደ ቀኝ የዞሩበትን እርምጃ ቈጥሮ፥ ገደሉን ካለፉ በኋላ ያንኑ ያህል ወደ ግራ መመለስ ነው። ይህ ለእግረኛ ይበቃል፤ ለጭነት መኪና ግን አይበቃም። ዛፍ እየተቈረጠ፥ ድንጋይ እየተነሣ ቢገፋም መኪኖቹን ሸለቆው አሰናከላቸው። በዘመቻው በሺህ የሚቈጠሩ ግመሎች አለቁ፤ ከኋላ የሚመጣው ጓዝ መንገዱን በግመል ሬሳ ሽታ ይለይ ነበር እስከ መባል ተደረሰ። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 29 ቀን በላያ ደረሱ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ።

ዊንጌት በጠባያቸውም እንዲሁ ነበሩ። ካመኑበት ነገር ዘወር ማለትን ስለማይወዱ ከአለቆቻቸው ጋር ብዙ ጊዜ ተጋጭተዋል። በ1935 ዓ.ም. በበርማ ጫካ ከጃፓኖች ጦር ጀርባ ዘምተው ስማቸው ገነነ። መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ህንድ አውሮፕላናቸው ወድቆ በ41 ዓመታቸው ሞቱ። በአዲስ አበባ በስማቸው ትምህርት ቤት ተሰይሟል።

በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ በካርታ ላይ በማስመሪያ መሥመር የሚያሰምር ወጣት ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያስታውስ ይጠቀማል። ኮምፓስ ተራራው በየት በኩል እንዳለ ያሳያል እንጂ፥ በመካከል ያለውን ገደል አያሳይም። ዓላማን ሳይለቁ ገደሉን መዞር ማወቅ፥ ከዓላማ እንደ ማፈግፈግ አይቈጠርም።