በ58 ዓመታቸው ባሕር ያቋረጡት አሰልጣኝ

ጄምስ ካውንስልማን በዓለም ዘንድ የሚታወቁት በኦሊምፒክ ዋናተኞቻቸው ነው። ማርክ ስፒትዝ እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ሰባት የወርቅ ሜዳሊያዎችን ሲያጠልቅ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኙ እርሳቸው ነበሩ። ጎልማሶችና አረጋውያን በሚሰለጥኑባቸው የመዋኛ ገንዳዎች ግን ስማቸው የሚነሳው በሌላ ምክንያት ነው። ሌሎችን ሲያዝዙ የኖሩትን ልምምድ በስተርጅና በራሳቸው አካል ፈትነውታል።

ካውንስልማን በ1920 መጨረሻ በአላባማ ግዛት፣ በርሚንግሃም ከተማ ተወልደው በሴንት ሉዊስ አደጉ። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በደረት ዋና ስም ካተረፉ በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ሆነው ዘመቱ፤ ለጀግንነታቸውም ሜዳይ ተሸለሙ። ከጦርነቱ በኋላ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ዋናተኞቻቸው እስከ መጨረሻው ድረስ የጠሯቸው «ዶክ» እያሉ ነበር።

በ1957 ብሉሚንግተን ወደሚገኘው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በዚያ ዘመን አሰልጣኝ የሚያየው ከውኃ በላይ ያለውን ብቻ ነበር። ካውንስልማን ግን ከውኃ በታች ካሜራ አስገብተው የዋናተኞቻቸውን እጅ ቀረጹ። ፊልሙ ያሳየው ነገር ሲነገር ከኖረው የተለየ ሆኖ ተገኘ፤ የምርጥ ዋናተኛ እጅ ውኃውን ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ አይገፋም፣ ጎበጥ ያለ መንገድ ይከተላል። ለዚህ የሰጡትን የፊዚክስ ማብራሪያ ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በከፊል አልተቀበሉትም። የማየት ልማዱ ግን ጸንቶ ቀረ። በ1968 ያሳተሙት የዋና ሳይንስ መጽሐፍም የአሰልጣኞች መማሪያ ሆነ። ከዚያው ዓመት አንስቶ ቡድናቸው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ሻምፒዮና ስድስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። በ1976 በሞንትሪያል የመሩት የአሜሪካ የወንዶች ቡድን ደግሞ ከ13 ውድድሮች 12ቱን በወርቅ ደመደመ። እኒህ ብርቱ ሰው በልምምድ ጥሩ ሰዓት ላስመዘገበ ኦሊምፒያን ከረሜላ ይሸልሙ ነበር።

በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ መጨረስ ለአብዛኛው ዋናተኛ የዋና ሕይወቱ ፍጻሜ ነበር። ይህን ልማድ ለመለወጥ የተነሱት ራንሰም አርተር የተባሉ የባሕር ኃይል ሐኪም ናቸው። በ1970 በቴክሳስ ግዛት፣ አማሪሎ ከተማ የመጀመሪያው የአሜሪካ የማስተርስ ዋና ውድድር ተካሄደ። የአርተር ዓላማ ሜዳሊያ ሳይሆን ጤና ነበር፤ ውድድሩ ሰው ልምምዱን እንዳይተው የሚይዝ ምክንያት ይሆናል ብለው አስበው ነበር።

ካውንስልማንም በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው ከገንዳው ዳር ወደ ውኃው ተመለሱ። የመረጡት ፈተና ግን ከገንዳ የራቀ ነበር። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለው የባሕር ሰርጥ በጠባቡ ቦታ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማዕበሉ ዋናተኛውን ወደ ጎን ስለሚገፋው የሚዋኘው ርቀት ከዚያ ይበልጣል። በደንቡ መሠረት ሙቀት የሚጠብቅ ልብስ መልበስም ሆነ አጃቢ ጀልባውን መንካት ክልክል ነው። እንደ እርሳቸው ላለ ሰው የሚያስፈራው ቅዝቃዜው ብቻ አልነበረም። መላው የዋና ዓለም የሚያውቃቸው አሰልጣኝ ከመንገድ ቢመለሱ ሽንፈታቸው በግል የሚቀር አልነበረም። በሴፕቴምበር 1979፣ በ58 ዓመታቸው፣ በ13 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ተሻገሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰርጡን በዋና ካቋረጡት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ሆኑ።

ከካውንስልማን ልማዶች ለጎልማሶች አሰልጣኝ እጅግ የጠቀመው ምናልባት በገንዳ ዳር የሚቆመው ትልቁ የሰከንድ ሰዓት ነው፤ ይህን ሰዓት ካስለመዱት አሰልጣኞች አንዱ እርሳቸው ናቸው። ከሥራ በኋላ ወደ ገንዳ የሚመጣ የ50 ዓመት ሰው እንደ ተማሪ አይታዘዝም። ትከሻው ቶሎ አይፍታታም፤ ድካሙም ቶሎ አይለቀውም። ስለዚህ አሰልጣኙ ለሁሉም አንድ ዓይነት ርቀት ሰጥቶ የዕረፍቱን ልክ እንደየአቅማቸው ይለያያል። ለአንዱ 15 ሰከንድ፣ ለሌላው 30። በአንድ መስመር የ30 እና የ70 ዓመት ሰው አብረው ሊሰለጥኑ የቻሉት በዚህ ዘዴ ነው።

ካውንስልማን በ1990 ከአሰልጣኝነት ጡረታ ወጡ። የመጨረሻ ዓመታታቸውን ከፓርኪንሰን ሕመም ጋር ኖረው በጃንዋሪ 2004 በ83 ዓመታቸው በብሉሚንግተን አረፉ። በስማቸው በዩኒቨርሲቲው የተሰየመው የዋና ሳይንስ ማዕከል ከወጣት ሻምፒዮናዎች ባሻገር የማስተርስ ዋናተኞችንም አካል ሲመረምር ቆይቷል።