ጆርጅ ሄድሊ

ጆርጅ አልፎንሶ ሄድሊ (እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 1909 – ኖቬምበር 30 ቀን 1983) ለዌስት ኢንዲስ የክሪኬት ቡድን የተጫወተ ጃማይካዊ መቺ ነበር። ዌስት ኢንዲስ በካሪቢያን አካባቢ የሚገኙ፣ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር የነበሩ አገሮች የጋራ ቡድን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት የቡድኑ ነጥብ ሸክም በአብዛኛው በእርሱ ላይ ወድቆ ነበር። ስለዚህም በግሪክ አፈ ታሪክ ሰማይን በትከሻው በተሸከመው በአትላስ ስም ይጠሩት ነበር።

በክሪኬት መቺው ኳሱን ከመታ በኋላ በሜዳው መሃል ባሉት ሁለት ዊኬቶች መካከል በመሮጥ «ራን» የሚባለውን ነጥብ ያስቆጥራል። ቴስት የሚባለው በብሔራዊ ቡድኖች መካከል ለበርካታ ቀናት የሚካሄደው ግጥሚያ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ የመምታት ተራ ይደርሰዋል። የመቺ አማካይ የሚገኘው ያስቆጠረው ራን ከጨዋታ በወጣበት ጊዜ ብዛት ሲካፈል ነው።

የልጅነት ሕይወት

ሄድሊ የተወለደው በፓናማ፣ ኮሎን ከተማ ነው። አባቱ ከባርቤዶስ ሄዶ በፓናማ ቦይ ሥራ የተቀጠረ ሲሆን እናቱ ጃማይካዊት ነበረች። በእንግሊዝኛ እንዲማር በማሰብ እናቱ በአሥር ዓመቱ ወደ ጃማይካ ወሰደችው። ካደገ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ የጥርስ ሕክምና ሊማር አስቦ ነበር። የጉዞ ወረቀቱ በመዘግየቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1928 ጃማይካን ከጎበኘው የሎርድ ቴኒሰን የእንግሊዝ ቡድን ጋር እንዲጫወት ተመረጠ። በዚህ ጉብኝት በአንድ ተራ 211 ራን አስቆጠረ፤ የጥርስ ሕክምናውም ሐሳብ በዚያው ቀረ።

የቴስት ጨዋታ ዘመን

የመጀመሪያ ቴስቱን የተጫወተው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1930 በባርቤዶስ፣ ብሪጅታውን ከእንግሊዝ ጋር ነበር። በመጀመሪያው ተራ 21፣ በሁለተኛው 176 ራን አስቆጠረ። በጆርጅታውን በተደረገው ሦስተኛ ቴስት 114 እና 112 በማስቆጠር በአንድ ቴስት በሁለቱም ተራ ከመቶ ራን በላይ ያስቆጠረ የመጀመሪያው የዌስት ኢንዲስ ተጫዋች ሆነ። ቡድኑም በታሪኩ የመጀመሪያውን የቴስት ድል በዚያ ግጥሚያ አገኘ። በኪንግስተን በተደረገው አራተኛው ቴስት 223 ጨምሮ በአራቱ ግጥሚያዎች በድምሩ 703 ራን ሲሰበስብ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበር።

በቀጣዩ ወቅት በአውስትራሊያ ጉብኝት የገጠሙት ወርዋሪዎች፣ ሄድሊ ከፊት ለፊቱ ወዳለው የሜዳ ክፍል መምታት እንደሚወድ ስላወቁ ኳሱን ወደ እግሩ በኩል ይወረውሩለት ጀመር። እርሱም አቋቋሙን ለውጦ በዚያ በኩል መምታትን በጉብኝቱ መሃል ተማረ። በብሪስቤን ቡድኑ በመጀመሪያው ተራ በ193 ራን ሲያልቅ፣ ሄድሊ ብቻውን 102 አስቆጥሮ ሳይወጣ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1935 በኪንግስተን ከእንግሊዝ ጋር 270 ራን አስቆጥሮ ሳይወጣ ቀረ። ዌስት ኢንዲስም የመጀመሪያውን የተከታታይ ግጥሚያዎች ድል አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1939 በለንደኑ ሎርድስ ሜዳ ቡድኑ ካስቆጠረው 277 ራን 106ቱ፣ ከ225ቱ ደግሞ 107ቱ የእርሱ ነበሩ። በሎርድስ በአንድ ቴስት በሁለቱም ተራ ከመቶ በላይ ያስቆጠረ የመጀመሪያው ሰው ቢሆንም ግጥሚያውን ያሸነፈው እንግሊዝ ነው።

አጨዋወት

ሄድሊ ቁመቱ አጭር ሲሆን፣ ኳሱን ዘግይቶና ወደ ኋላ እግሩ ተደግፎ ይመታ ነበር። በዘመኑ ሜዳው ከዝናብ ስለማይሸፈን፣ በረጠበ መሬት ላይ የሚነጥርን ኳስ መምታት ከባድ ፈተና ነበር። የትሪኒዳዱ ጸሐፊ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው «ቢዮንድ ኤ ባውንድሪ» በተባለ መጽሐፉ፣ ሄድሊ በእንዲህ ዓይነት ሜዳ በተጫወታቸው 13 ተራዎች 7 ጊዜ ከ50 ራን በላይ ማስቆጠሩን ጽፏል። ታላቁ አውስትራሊያዊ ዶናልድ ብራድማን ግን በ15 ተራዎች ይህን ያደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሄድሊን «ጥቁሩ ብራድማን» ሲሉት፣ በካሪቢያን ብራድማንን «ነጩ ሄድሊ» የሚሉ ነበሩ።

አምበልነት

ሄድሊ የቡድኑ ዋነኛ መቺ ቢሆንም አምበልነት አልተሰጠውም ነበር። በቅኝ ግዛቱ ሥርዓት ይህ ቦታ ለነጭ ተጫዋቾች የሚጠበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1935 ጃኪ ግራንት፣ በ1939 ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ሮልፍ ግራንት ቡድኑን መሩ። ሄድሊ በአምበልነት ተሾሞ የመጀመሪያው ጥቁር የዌስት ኢንዲስ የቴስት አምበል የሆነው ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1948 በብሪጅታውን ነው። ዕድሜው 38 ደርሶ ነበር። በዚያ ግጥሚያ ጀርባውን ስለተጎዳ ዳግመኛ ቡድኑን በቴስት አልመራም። ለተከታታይ ግጥሚያዎች በሙሉ አምበል የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ፍራንክ ዎሬል የተሾመው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ1954 የጃማይካ ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ ከእንግሊዝ አገር ካስመጣው በኋላ በ44 ዓመቱ የመጨረሻ ቴስቱን በኪንግስተን ተጫወተ። በጠቅላላው በ22 ቴስቶች፣ በ40 ተራዎች 2,190 ራን አስቆጥሯል፤ አማካዩ 60.83 ነው። 10 ጊዜ መቶና ከዚያ በላይ አስቆጥሯል፤ ይህም በየአራት ተራው አንድ ጊዜ ማለት ነው። ጦርነቱ ከ30 እስከ 36 ዓመት ያለውን የተጫዋችነት ዕድሜውን ወስዶበታል። እስከ 1939 በነበሩት 19 ቴስቶች 2,135 ራን ሲያገኝ፣ ከጦርነቱ በኋላ በሦስት ቴስቶች ያስቆጠረው 55 ብቻ ነው።

ጨዋታ ካቆመ በኋላ በጃማይካ መንግሥት ተቀጥሮ ወጣቶችን አሠልጥኗል። ልጁ ሮን ሄድሊ ለዌስት ኢንዲስ፣ የልጅ ልጁ ዲን ሄድሊ ለእንግሊዝ በመጫወታቸው፣ ቤተሰቡ በሦስት ትውልድ የቴስት ተጫዋች ያፈራ የመጀመሪያው ነው። ሄድሊ በ74 ዓመቱ በኪንግስተን አረፈ። በዚያው ከተማ በሚገኘው ሳቢና ፓርክ ሜዳ ከተመልካች መቀመጫዎቹ አንዱ በስሙ ተሰይሟል።